የፋሲልን ግቢ ከስንት ሰው ጋር እንጐብኝ?

ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ጐንደር ለመሄድ ያሰቡ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ ገብተው፣ «እርስዎ እናትዎንና ልጆችዎን ይዘው የፋሲልን ግቢ ጐብኝተዋል ሲሉ ሰማሁ። እኛም አማቴንና ሁለት ሕፃናት ይዘን ልንሄድ ነውና፣ ከብዙ ሰው ጋር በርካሽ ብንገባ ይሻላል ወይስ ትንሽ ጨምረን ከጥቂት ሰው ጋር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ያንን ግቢ አንድ ጊዜ ከስድሳ ልጆች ጋር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰባት ብቻ ሆነን ስላየሁት፣ ዋናው ልዩነት ከገንዘቡ ላይ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ለባልደረባዬ በቃል የነገርኋቸውን ለዚህ ገጽ አንባብያንም በጽሑፍ ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የነገሥታቱን ዘመን የምንቈጥረው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከዐፄ ፋሲለደስ አስቀድሞ የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ይኖሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ግን በ1636 ግድም ጐንደርን መናገሻ ከተማ አድርገው ግንባቸውን በዚያ አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ነገሥታት የአባታቸውን ቤት አፍርሰው በቦታው ሌላ አልሠሩም፤ የአባታቸውንም ቤት እንዳለ ወርሰው አልተቀመጡም፤ በዚያው ቅጥር ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩ እንጂ። ስለዚህ የፋሲል ግቢ ሲባል የሚሰማ ሰው አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ያለ ቢመስለው ይሳሳታል። ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል በሆነ የድንጋይ ቅጥር የተከበበ፣ ዐሥራ ሁለት በሮች ያሉት፣ የብዙ ነገሥታት ቤቶች እዚህና እዚያ የቆሙበት መንደር ነው ቢባል ይቀርባል። በ1979 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዐርባም ሰው ይሁን መቶ በአንድነት ገብቶ በአንድነት ሊወጣ ይችል ነበር። እዚህ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሄድ፣ በጠባብ በር መግባት፣ በድንጋይ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከፍርስራሹም ፊት ቆሞ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር በሐሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከማን ጋርና ከስንት ሰው ጋር እንደ ሆኑ ይወሰናል።

የመጀመሪያውን ጉብኝቴን ያደረግሁት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። የምማርበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በሁለት አውቶቡስ አሳፍሮን በሊማሊሞ ዳገት ወጥተን ጐንደር ገባን። ከዚያ ጉዞ እስከ ዛሬ የማስታውሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድና ከፊቴ ቆሞ የነበረውን የአንድ ረጅም ልጅ ጀርባ ነው። አስጐብኚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር ነበር፤ ሆኖም የፊተኞቹ ሰምተው ወደ ሌላው ቤት ሲያልፉ እኛ የኋለኞቹ ገና በበሩ እየተጋፋን ነበርን። የአንበሶቹን ቤት ሳላየው ቀረሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ አባቴ «ምን አየህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ግንብ» ብዬ ዝም አልሁ። አባቴ ከዚህ የሚበልጥ መልስ ይጠብቅ እንደ ነበር ከፊቱ ተረዳሁ። አስተማሪዎቻችን ባላቸው አቅም መልካሙን ነገር እንዳደረጉልን ዛሬ ይገባኛልና ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም።

ሁለተኛው ጉብኝት የተደረገው በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከአድዋ እኔን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ነበርና፣ ባለቤቴና እኔ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ይዘናት ባሕር ዳር አድረን ጐንደር ገባን። እናቴ ጕልበቷን ያማታል። አማርኛ ቀስ ተብሎ ሲነገር ትሰማለች፤ ሲፈጥን ግን ያመልጣታል። ልጆቹ ደግሞ አንዱ የስድስት ዓመት፣ አንዷ የአራት ዓመት ነበሩ። አንባቢዬ እንደሚረዳው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድና ፈጥኖ የሚሰለች በአንድነት የተጓዙበት ቤተ ሰብ ነበር።

በከተማው ውስጥ ጉብኝት የሚያዘጋጅ አንድ ሰው አግኝተን «ቡድናችሁ ትንሽ ነው ወይ?» ብንለው «አዎን፣ በጣም ትንሽ ነው» አለን። እኔም ቍጥሩን ሳልጠይቅ ተስማማሁ። በማግሥቱ ጧት በቀጠሮው ቦታ ስንደርስ ሃያ ሁለት ሰዎች ቆመው አገኘን። ሰውየውን ብንጠይቀው፣ ባለፈው ቀን ዐርባ ሰው እንደ ነበረና ከዚያ ጋር ሲተያይ ይህ ትንሽ መሆኑን በትሕትና አስረዳን። በእርሱ ሚዛን ውሸት አልተናገረም ማለት ነው! ገንዘቡን ገና አልከፈልንም ነበርና ይቅርታ ጠይቀን ተለየነው። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ» የሚለውን ቃል አላምንም፤ የማምነው ቍጥር ነው።

እንግዲህ ውል ከመግባትዎ በፊት «ከስንት ሰው አይበልጥም?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከስምንት ወይም ከዐሥር የሚበልጥ ከሆነ፣ አረጋውያንና ሕፃናት ላሉት ቤተ ሰብ አልመክርም። ደግሞም «ሰው ካልሞላ ከሌላ ቡድን ጋር ትቀላቅሉናላችሁን?» የሚለው ጥያቄ መቅረት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ስምንት ተብሎ የተጀመረው ዐሥራ ስድስት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነውና። ጊዜውንም ይወቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉን አሳያችኋለሁ የሚል ሰው የሚያሳየው በሩን ነው፤ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ከሁለት ሰዓት የሚያንስ አይበቃም። በመጨረሻም የመግቢያው ቲኬት ዋጋና የአስጐብኚው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ከግቢው ውጭ ያለው የፋሲል መዋኛም በዚያው ቲኬት ይታይ እንደ ሆነ አስቀድመው ተረድተው ቢገቡ፣ ከበሩ ላይ ክርክር አይኖርም።

ስለ ዋጋው ባልደረባዬ ያሳሰባቸው ነገር እውነት አለው። ሆኖም አስጐብኚ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በአንድ ቡድን እንጂ በአንድ ራስ አይደለምና፣ ሁለት ቤተ ሰብ ተስማምተው በአንድነት ቢገቡ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከቲኬቱ መሸጫ አጠገብ ከደሴ የመጡ ባልና ሚስት እንደ እኛው ሲያመነቱ አገኘናቸው፤ ተነጋግረን ሰባት ሆንን።

አስጐብኚ መምረጥ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ፈቃድ ያላቸው የአካባቢው አስጐብኚዎች መታወቂያቸውን ያሳያሉና መጀመሪያ ይህን ማየት ተገቢ ነው። መታወቂያ ግን ሰውየው ለማስጐብኘት የተፈቀደለት መሆኑን ይገልጻል እንጂ ትዕግሥቱን አይገልጽም። ስለዚህ እኔ አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድሁት፤ «ይህን ግንብ የሠራው ማን ነው?» የሚል። የመጀመሪያው ሰው «ፖርቱጋሎች ናቸው፤ እንግባ» አለኝ። ሁለተኛው፣ ወጣት ልጅ ነበር፣ ፈገግ ብሎ «ስንት ደቂቃ ይሰጡኛል?» አለኝ። እርሱን መረጥሁ።

የሰጠኝ መልስ ባጭሩ ይህ ነው። የፖርቱጋል ሰዎች በእርግጥ ወደ አገራችን መጥተዋል፤ የካቶሊክ መነኮሳትም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተሰሚነት ነበራቸው። በኖራ የመገንባቱ ሥራም የተስፋፋው በዚያ ዘመን ነው። ነገር ግን ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ሲለቁ፣ ዐፄ ፋሲለደስ መነኮሳቱን ከአገር አስወጧቸው፤ ግንቡም የቆመው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ክብ ጕልላት የለበሱ ማማዎች፣ የመስኮቶቹንና የበሮቹንም ቅስት ስንመለከት፣ የሕንድና የዐረብ አገር ጥበብ፣ ከኤውሮፓም የመጣው፣ የአገሬውም ድንጋይ ጠራቢ እጅ በአንድነት ተዋሕደው እናገኛቸዋለን እንጂ፣ በአንድ ቃል የእገሌ ነው ለማለት አንችልም። ይህን ሁሉ ሲናገር እኔ ለእናቴ በትግርኛ እየመለስሁ እነግራት ነበር። ልጁም እስክጨርስ እየጠበቀ ነበር የሚቀጥለው። እንዲጠብቀን አልለመንሁትም። ሰባት ሰው በመሆናችን የእኔን ሹክሹክታ ይሰማው ስለ ነበር ነው።

ጉብኝታችንን የጀመርነው ሦስት ሰዓት ከጧቱ ሲሆን ነው፤ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ነበር። የፋሲለደስን ግንብ አይተን ወደ ዐፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት ሄድን። ከዚያም ከ1682 እስከ 1706 በነገሡት በዐፄ ኢያሱ ቤት ፊት ቆምን። ይህ ቤት በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደ ነበር ይነገርለታል፤ አሁን ጣራ የለውም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጐዳው፤ በ1941 እንግሊዞች ኢጣልያኖችን ለማስወጣት በተዋጉ ጊዜም በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ። ልጄ ሰማዩን በቅስቱ ውስጥ አሻቅቦ እያየ «ዝናብ ሲመጣ ንጉሡ የት ይገባሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። አስጐብኚው ግን አልሳቀም። ተንበርክኮ የቤቱ ጣራ ከየት ይጀምር እንደ ነበር በጣቱ አሳየው። የአንበሶቹንም ቤት፣ እኔ በሰባተኛ ክፍል ያመለጠኝን፣ ልጆቹ እስኪጠግቡ አዩት። የዐፄ ዳዊትን የመዝሙር ቤት ግን በችኰላ አለፍነው፤ ታናሿ ልጅ ውኃ ጠምቷት ነበርና።

በዐፄ በካፋ ቤት ጥላ ሥር እናቴን በድንጋይ ላይ አሳረፍናት። አስጐብኚው በዚያ ስለሚደረገው ግብር፣ ስለ እቴጌ ምንትዋብም ይተርክልን ጀመር፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ በልጃቸው በኢያሱ ዘመን አገሪቱን እንዴት እንዳስተዳደሩ፣ ቍስቋምንም እንዴት እንዳሠሩ ነገረን። እናቴ ስታዳምጥ ቆይታ በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ለመተርጐም ጥቂት አፈርሁ፤ ነገር ግን ልጁ ፊቷን አይቶ «እናቴ ምን አሉ?» አለኝ። ጥያቄዋ፣ «ለእነዚህ ሁሉ ነገሥታት የኵታቸውን ጥጥ የፈተለው ማን ነው?» የሚል ነበር። እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ እንዝርት ከእጇ ተለይቶ አያውቅም፤ እኔም የተማርሁት በዚያው እንዝርት ነው።

አስጐብኚው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እናቴ፣ ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ነገር ግን ከዐሥራ ሁለቱ በሮች አንዱ አደናግር በር ይባላል፤ የፈታዮች በር ማለት ነው። ከመንገዳችን ወጣ ይላል፤ ጕልበትዎ ከፈቀደ ልውሰድዎ» አላት። ቀጥሎም ወደ ደሴዎቹ ባልና ሚስት ዘወር ብሎ ፈቃዳቸውን ጠየቀ። «እኛም እናየዋለን» አሉት። ባልደረባዬ ስለ ጥቂትና ስለ ብዙ ሰው የጠየቁኝ ሁሉ መልሱ በዚህች ቅጽበት ውስጥ አለ። የዐርባ ሰው መሪ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ለአንዲት ባልቴት ጥያቄ ብሎ ሊለውጥ አይችልም ነበር፤ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ሠላሳ ዘጠኙን ፈቃድ የሚጠይቅበት ጊዜ ስለሌለው ነው። እናቴም ከዐርባ ሰው መካከል ሆና አትጠይቅም ነበር።

በሮቹ የየራሳቸው ስምና ሥራ እንደ ነበራቸው በመንገድ ላይ ተረከልን። ወምበር በር የዳኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ እምቢልታ በር የመለከተኞች፣ ተዝካሮ በር ደግሞ ለሙታን መታሰቢያ በሚደረግ ሥርዓት የታወቀ ነው። ስለ ነገሥታቱ ብቻ የሚያስቡ ጐብኚዎች ብዙ ጊዜ ቅጥሩን ትተውት ይሄዳሉ፤ እኔ ግን የግቢው ኑሮ በደንብ የሚነበበው ከእነዚህ ስሞች ነው ባይ ነኝ። ከአደናግር በር ስንደርስ እናቴ ምንም አልተናገረችም። ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ቀጥላም «ጥጡንስ ከየት ያመጡት ነበር?» አለች። ልጁ «ይህን አላውቅም፤ ሽማግሌዎች እጠይቅልዎታለሁ» ብሎ መለሰላት። በማታ ሆቴላችን ገብተን ስንጨዋወት እናቴ ከሁሉ አብልጣ ያመሰገነችው ይህን መልሱን ነው።

ብዙ ሰው ሆኖ መጐብኘት ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሄዱ ግፊያውም ጨዋታ ነው፤ ያየሁትን ሁሉ ብረሳም የአውቶቡሱን ዘፈን እኔም አልረሳሁም። በጥምቀት ሰሞን ወደ ጐንደር የሚሄድ ሰው ደግሞ ጥቂት ሰው መፈለጉ ከንቱ ነው። ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ተሞልቶ የሚታየው በዚያን ጊዜ ነውና፣ ሕዝቡ ራሱ የሚታይ ነገር ነው። በሌላው ወራት መዋኛው ደረቅ ሆኖ ያገኙታል፤ ጸጥታውና ቅጥሩን በሥሮቻቸው አቅፈው የያዙት ዛፎች ግን ለአረጋውያን የሚስማሙ ናቸው። እናቴ ከግቢው ይልቅ እዚያ ብዙ ተቀመጠች።

በቅርብ ዓመታት በግቢው ውስጥ የእድሳት ሥራ ተከናውኗል። እኔ ባየሁበት ጊዜ የነበረው መተላለፊያ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የትኞቹ ክፍሎችና የትኞቹ ደረጃዎች ክፍት እንደ ሆኑ በስልክ ጠይቆ መነሣት ይገባል። የመንገዱንም ሰላም እንዲሁ። ጠፍጣፋ ጫማ፣ ውኃ፣ ለሕፃናትም ጥቂት ዳቦ ቢያዝ መልካም ነው። በአንድ ቀን ግቢውንም፣ ቍስቋምንም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ለማየት መሞከር ግን ሁሉን አለማየት ነው። ሥላሴን ለማግሥቱ ብታቆዩት፣ በጣራው ላይ የተሣሉትን መላእክት በደከመ አንገት አታዩአቸውም።

ከዚያ ጉብኝት በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ የአድዋ ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ቆየሁ። ስልኩ በተመለሰ ጊዜ ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሞቱት ዘመዶቻችን ከተነጋገርን በኋላ፣ «ያ የጐንደር ልጅ ስለ ጥጡ ጠየቀልኝን?» አለችኝ። ቍጥሩ ነበረኝና ደወልሁለት። ጐብኚ በመጥፋቱ ለጊዜው ሌላ ሥራ ይዞ እንደ ነበር ነገረኝ፤ ጥያቄውን ግን አልረሳውም፤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጠይቆ ሁለቱ የተለያየ ስለ ነገሩት ሦስተኛ እየፈለገ ነው።

ለባልደረባዬ የዚህን ልጅ ቍጥር ሰጥቻቸዋለሁ። እርሳቸውም ሌላ ቤተ ሰብ አግኝተው ስምንት ሆነዋል። አማታቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ጥጥም ይፈትላሉ አሉ። ከደረሱ የእናቴን ጥያቄ እንዲያስታውሱልኝ አደራ ብያለሁ።